ትእዛዙ በየትኛው መስመር ይሂድ?

ከርቀት ስለሚታዘዙ ካሜራዎች በፍኖተ ሰላም ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ምንጭ ስለማጎልበት፣ ስለ ችግኝ ጣቢያና ስለ ወፍጮ ቤት ስንነጋገር የኖርን ሰዎች ዛሬ ስለ ካሜራ ለመነጋገር መሰብሰባችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። እኔም ብሆን የነገረ መለኮት ትምህርት የተማርሁ ዲያቆን እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ነገር ግን ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያና ከዚያም አልፎ እስከ ቆጋ ካሉ አጥቢያዎች «ከርቀት የሚዞር ካሜራ ይገዛልን» የሚል ማመልከቻ እየበዛ ስለመጣ ነገሩን ለማወቅ ተገድጃለሁ። ማመልከቻዎቹ ካሜራው ስንት እንዲሆንና ሥዕሉ ምን ያህል ጥራት እንዲኖረው በሚገባ ይገልጻሉ። ካሜራው በምን መስመር እንደሚታዘዝ የሚገልጽ ግን እስካሁን አንድም አልደረሰኝም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህች ስለተረሳች ነገር ነው።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ብዙ ምእመናን ሰሙነ ሕማማትንና ትንሣኤን በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ተከታተሉ፤ ዓይን ከዚያ ወዲህ ለመደ። በዓመታዊው ንግሥ ደግሞ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ቅጥሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ይቆማል፤ ከውጭ ስክሪን ቢተከልለት ቅዳሴውን ያያል። እስካሁን የነበረው መንገድ ካሜራ የያዘ ወጣት ወደ ውስጥ ማስገባት ነበር። ያ ወጣት የሚሰግደውን ሕዝብ እየተሻገረ ከወንዶች ወደ ሴቶች መቆሚያ ሲያልፍ፣ ወንበር ላይ ሲወጣ፣ ለካህናቱ መንገድ ሲዘጋ ያላየ አባት በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከውጭ የሚታዘዝ ካሜራ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ስለዚህ ዕቃው ቅንጦት ነው ብዬ የምከራከር አይደለሁም።

አሁን አንድ ጥፋቴን ልናገር። የደብሩን ስም አልጠራም።

የንግሥ ዕለት ነው። ካሜራው በምእመናን መዋጮና በውጭ አገር ባሉ የአጥቢያው ልጆች ስጦታ የተገዛ ሲሆን በቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ለገመድ ብለን የቆየውን ግድግዳ መብሳት ስላልወደድን በዋይፋይ እንዲታዘዝ የመከርኋቸው እኔ ነበርሁ። ከንግሡ ሦስት ቀን አስቀድመን ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ሳለ ሞከርነው። በስልክ ላይ በተጫነ መተግበሪያ ዙር ስንለው ዞረ፤ ቁም ስንለው ቆመ። በንግሡ ዕለት ግን ሕዝቡ ሞላ፤ በየኪሱም ስልክ አለ። የቁርባን ሰዓት ደርሶ ካሜራውን የሚያዘው ወጣት ከመዘምራኑ ሊቆርቡ ወደተሰለፉት ሕፃናት ሊመልሰው ፈልጎ «ወደ ቀኝ ዙር» አለው፤ ዞረ። «ቁም» አለው፤ አልቆመም። ሕፃናቱን አልፎ መንጦላዕቱ ወደተገለጠው ወደ መቅደሱ በር ደረሰ፤ ከዛፍ ሥር ያለው ሕዝብም እንዲህ ባለ መንገድ ሊያየው የማይገባውን በስክሪን ያይ ጀመር። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሮጦ የስክሪኑን ገመድ ነቀለው። ከቅዳሴ በኋላ አስተዳዳሪው አስጠሩኝ። አልተቆጡም፤ «ልጄ፣ ቁም ቢሉት የማይቆም ነገር ለምን አስገባህብን?» አሉኝ ብቻ።

መልሱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ካሜራዎች የሚታዘዙበት ቋንቋ ቪስካ ይባላል፤ የሶኒ ኩባንያ የሠራው ሲሆን ዛሬ ሌሎች አምራቾችም ይጠቀሙበታል። በዚህ ቋንቋ «ዙር» የሚለው ትእዛዝ አንድ ጊዜ ከደረሰ ካሜራው «ቁም» እስኪባል ወይም የመዞሪያው ዳርቻ እስኪደርስ መዞሩን አይተውም። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከ3 እስከ 16 ባይት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተር ፊደላችንን በሚመዘግብበት ልክ ቢቆጠር ከአምስት የግእዝ ፊደል አይበልጥም። በዚያ ዕለት በአየር ላይ የጠፋችው ይህች ታናሽ ቃል ናት። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ስለሆነ የዋይፋዩን ሞገድ ይውጣል፤ በአንድ ቦታ የተከማቹ ስልኮችም በዚያው ሞገድ ላይ ይጫጫሉ። በባዶ ቤተ ክርስቲያን የተደረገ ሙከራ ስለ ንግሥ ዕለት የሚነግረን ነገር እንደሌለ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ሌላም ነገር ነበረበት። ትእዛዝ በኔትወርክ ላይ በሁለት ዓይነት መንገድ ይላካል። ቲሲፒ የሚባለው ተቀባዩ ፈርሞ እንደሚረከበው የአደራ ደብዳቤ ነው፤ ካልደረሰ ላኪው ደግሞ ይልከዋል። ዩዲፒ የሚባለው ግን ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ድምፅ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ነፋስ ከወሰደው ግን ቀረ። ቪስካን በኔትወርክ የሚያስተላልፉ ብዙ ካሜራዎች ዩዲፒን ይጠቀማሉ። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ካሜራው መልስ ይሰጣልና ጥሩ መቆጣጠሪያ መልሱን ሲያጣ ትእዛዙን ይደግማል። የእኛ መተግበሪያ አልደገመም። እንዲሁም አንዱ በቲሲፒ ሌላው በዩዲፒ የሚናገር ከሆነ በሁለቱም ላይ «ቪስካ» ተብሎ ቢጻፍባቸውም ካሜራውና መቆጣጠሪያው አይግባቡም። ሁለቱን ከተለያየ ሱቅ የምትገዙ ኮሚቴዎች ይህን አስታውሱ።

እንግዲህ ወደ መስመሮቹ ልግባ።

ከካሜራው ጋር በካርቶኑ የሚመጣው የእጅ ሪሞት እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ፊት ለፊት ቆሞ ማነጣጠርን ይጠይቃል፤ ሰውን ከውስጥ ለማስወጣት ላሰበ ደብር አይረባም። አሮጌው የገመድ መስመር አርኤስ-232 የሚባለው ሲሆን ከ15 ሜትር ገደማ በላይ አይታመንም። ወንድሙ አርኤስ-422 ግን እስከ 1,200 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ዓይነት መስመር እስከ 7 ካሜራ በሰንሰለት አያይዞ ማዘዝ ይቻላል። አሮጌ ነው ተብሎ አይናቅ፤ አይፒ አድራሻ የለው፣ የይለፍ ቃል የለው፣ ከኢንተርኔት የሚገባበት ሌባ የለው። ሥዕሉ ግን በሌላ ገመድ መሄድ አለበት።

ለአብዛኛዎቻችሁ የምመርጠው ኢተርኔት የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ ነው። በአንድ ገመድ ትእዛዙም፣ ሥዕሉም፣ ፒኦኢ በሚባለው ዘዴ የኤሌክትሪክ ኃይሉም ይሄዳል። ከኃይሉ መጠን ደረጃዎች አንዱ 15.4 ዋት፣ ሌላው 30 ዋት ይሰጣል፤ ካሜራው የትኛውን እንደሚፈልግ ስዊቹ ከመገዛቱ በፊት ይጠየቅ። ጥቅሙን የምታዩት መብራት ሲጠፋ ነው። ስዊቹ ከአንድ ዩፒኤስ ጋር ከተያያዘ ካሜራዎቹ ሁሉ አብረው ይቆያሉ።

ገመዱን ራሱን መርምሩ። በገበያ ላይ አሉሚኒየም ሆኖ በላዩ መዳብ የተለበጠ ገመድ እንደ ንጹሕ መዳብ ይሸጣል። ጫፉን በቢላዋ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ አትግዙት፤ ኃይል ተሸክሞ ረጅም መንገድ አይሄድም።

እዚህ ላይ የአገራችን ነገር ይመጣል። የኢተርኔት ገመድ ወሰኑ 100 ሜትር ነው። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በደን መካከል የተተከሉ ናቸውና የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይርቃል። በክረምት የጎጃም መብረቅ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም። ከቤት ወደ ቤት የተዘረጋ የመዳብ ገመድ መብረቁን ይዞ ከሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ያቃጥላል። ስለሆነም በሁለት ሕንፃዎች መካከል ፋይበር ይዘርጋ። ፋይበር የመስታወት ክር ነውና ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ርቀቱም ለእኛ ቅጥር ከበቂ በላይ ነው። ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ግን ለካሜራው ኃይል አያደርስም፤ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለው ስዊች የራሱ መብራትና የራሱ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል። ይህን የዘነጋ አንድ ኮሚቴ ቦዩን ከደፈነ በኋላ ነው የጠራኝ። ስትቆፍሩም በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ በአጥሩ ጥግ ውሰዱት፤ በመካነ መቃብሩ በኩል አቋርጡ የሚል ባለሙያ ቢመጣ አትስሙት።

ሥዕሉና ትእዛዙ በአንድ ገመድ ይሂዱ ስል የምፈራው አንድ ነገር አለ። በመራዊ በኩል የቆጋን መስኖ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የታሰበው ያ ሁሉ ውኃ የሚታዘዘው በሰው እጅ በሚከፈቱና በሚዘጉ በሮች ነው። ሥዕል ውኃው ነው፤ ትእዛዝ በሩ ነው። ኤንዲአይ በሚባለው ሙሉ ዘዴ የሚላክ የአንድ ካሜራ ሥዕል በሰከንድ ከ100 ሜጋቢት በላይ ይወስዳል። ስዊቹ አሮጌ ሆኖ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ጎርፉ ቦዩን ሞልቶ ያቺ አምስት ፊደል የማትሞላ ቃል መንገድ ታጣለች። አንድ ጊጋቢት የሚያሳልፍ ስዊች ግዙ፤ ወይም ሥዕሉን በኤስዲአይ ገመድ ለይታችሁ ትእዛዙን ብቻ በኔትወርክ ላኩ። አቅም ካላችሁ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይቀራልና።

በመስመሩ ጫፍ የሚቀመጠው ሰውም ነገር አለ። በጥንቱ የመስኖ ሥርዓታችን የውኃ አባት የሚባል ሰው ነበረ፤ በሩን እርሱ ካልፈቀደ ማንም አይነካም። ካሜራውም እንደዚያ ያለ አባት ይሾምለት። ሥርዓተ ቅዳሴውን የሚያውቅ፣ መንጦላዕት መቼ እንደሚገለጥና መቼ እንደሚዘጋ የማይጠፋው ዲያቆን ቢሆን እመርጣለሁ፤ መሣሪያውን በሁለት ቀን ይለምደዋል፤ ቅዳሴውን ግን በሁለት ቀን የሚለምድ የለም። ካሜራውም በዘንግ እየተገፋ ከሚዞር አስቀድሞ በተመዘገቡ ቦታዎች ይታዘዝ። «ወደ ሦስተኛው ቦታ ሂድ» የሚለው ትእዛዝ አንድ መልእክት ነው፤ ካሜራው ደርሶ በራሱ ይቆማል፤ መልእክቱ ቢጠፋ እንኳ ካሜራው ባለበት ይቀራል እንጂ እየዞረ አይሄድም። ከዚያም በላይ በብዙ ካሜራዎች የመዞሪያ ወሰን ማበጀት ይቻላል፤ ወደ መቅደሱ በር ፈጽሞ እንዳይደርስ ይታሰር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወሰኑ አብሮ የሚጠፋባቸው ካሜራዎች ስላሉ ይህን ሳትሞክሩ አትቀበሉ።

ስለ ኢንተርኔት አጭር ቃል ልናገር። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረላቸው እጅግ ብዙ ካሜራዎችና መሰል ዕቃዎች በክፉ ሰዎች እጅ ወድቀው በአሜሪካ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አውከዋል። የእናንተ ካሜራ የሚያየው ደግሞ ቤተ መቅደስ ነው። የካሜራው የትእዛዝ መስመር ከኢንተርኔቱ ራውተር ጋር አይገናኝ፤ ቅዳሴውን በቀጥታ የምታስተላልፉ ከሆነ ሥዕሉ ብቻ ይውጣ። የይለፍ ቃሉ በመጀመሪያው ቀን ይቀየር። ለእያንዳንዱ ካሜራ ቋሚ አይፒ አድራሻ ይሰጠው፤ አለዚያ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ራውተሩ አዲስ አድራሻ ሊሰጠው ስለሚችል መቆጣጠሪያው ካሜራውን ያጣዋል። አድራሻውና የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከደብሩ ማኅተም ጋር ይቆለፍ። የሚያውቀው ወጣት አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ካሜራው ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የኖረበትን ደብር አውቃለሁ።

ለሁሉም አጥቢያ ካሜራ ያስፈልጋል እንዳልል ጣራው የሚያፈስ፣ የአብነት ተማሪዎቹ ማደሪያ ያጡ ደብር ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሲመጣ ቅደም ተከተሉን እንድትመለከቱ እለምናለሁ፤ አንዳንዴም እመልሳለሁ። ከተገዛ ግን ሙሉው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሻጩ ዕቃውን በቦታው ላይ ተክሎ ያሳያችሁ። ካሜራው እየዞረ ሳለ የመቆጣጠሪያውን ገመድ ንቀሉና ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። መብራቱን አጥፍታችሁ መልሱ። ደግሞም ሙከራው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ይሁን።

ያ ደብር አሁን ግድግዳውን በስቷል። አስተዳዳሪው ራሳቸው ቆመው የት እንደሚበሳ አሳዩ፤ በጣራው ሥር፣ ሥዕል በሌለበት በኩል አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ናት። ገመዱም መዳብ ነው፤ እኔ ራሴ ፍቄ አይቸዋለሁ። የዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማ የያዛችሁ ካላችሁ ከምሳ በኋላ እዚሁ አዳራሽ ስላለሁ አምጡልኝና አብረን እናንብበው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።