ጸጥ ያለ አንድ ሺህ ቮልት



ፎቶመልቲፕላየር የተባለው ቱቦ እጅግ ደካማ የሆነ የብርሃን ብልጭታን ወደሚለካ የኤሌክትሪክ ምት ይለውጣል። በውስጡ እንደ ደረጃ የተደረደሩ፣ ብዙውን ጊዜ 10 ያህል የሚሆኑ ኤሌክትሮዶች አሉ፤ እያንዳንዱም የደረሰውን ኤሌክትሮን አባዝቶ ለተከታዩ ያቀብላል። ለዚህ ሥራ 1,000 ቮልት ግድም ያስፈልገዋል። ነገር ግን በቮልቴጁ ላይ የሚደርስ ጥቂት ለውጥ በብዜቱ ላይ ሰባት እጥፍ ያህል ሆኖ ይታያል። ከ1,000ው ቮልት አንዱ ቢናወጥ ንባቡ 0.7 በመቶ ያህል ይዛባል። የኃይል ምንጩ ሁከት እንግዲህ ከብልጭታው የማይለይ ሐሰተኛ ምስክር ነው።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ በእጁ ያለ ንድፍ አውጪ አስቀድሞ የሚያስበው ቮልቴጅ ከፍ አድራጊውን መለወጫ ነው። ትራንዚስተሩ ሲያስተላልፍ የሽቦው ጥቅል ኃይል ያከማቻል፤ ሲያቋርጥ ያንኑ ኃይል በዳዮዱ በኩል ወደ ካፓሲተሩ ይገፋል። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ፍሰት ሳይቋረጥ ከ12 ወደ 1,000 በአንድ ጊዜ ለመዝለል ግን ትራንዚስተሩ የእያንዳንዱን ዑደት 98.8 በመቶ ማስተላለፍ አለበት። በወረቀት ላይ ይቻላል፤ የጥቅሉ ሽቦ መቋቋም ግን በተግባር ይከለክለዋል። ስለዚህ መለወጫው እስከ 250 ቮልት ያደርስና፣ ባለ ሦስት እርከን የዳዮድና የካፓሲተር ሰንሰለት ቀሪውን 750 ይጨምርበታል። ጆን ኮክክሮፍትና ኧርነስት ዋልተን በ1932 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ የሊቲየምን ኒውክሊየስ የሰበሩት በዚህ ዓይነቱ ሰንሰለት በተገኘ ቮልቴጅ ነበር።

እውነተኛው ችግር ከዚህ ይጀምራል። 250 ቮልት በ50 ናኖሰከንድ ውስጥ ሲዘል፣ በእያንዳንዱ ናኖሰከንድ 5 ቮልት ማለት ነው። ሳይነካኩ ጎን ለጎን በሚያልፉ ሁለት ሽቦዎች መካከል 1 ፒኮፋራድ ብቻ ቢኖር፣ በዚያች ቅጽበት 5 ሚሊአምፔር ይሻገራል። ይህች ፒኮፋራድ በንድፉ ላይ አልተሣለችም፤ ማንም አልገዛትም፣ ማንም አልበየዳትም። ጀማሪዎች በመውጫው ላይ ካፓሲተር በካፓሲተር ላይ ሲደረድሩ ሁከቱ በአየርና በጋራው የመሬት መስመር ዞሮ ይገባባቸዋል።

መድኃኒቱ ዝላዩን ከምንጩ ማለዘብ ነው። መቶ ጊዜ ቢዘገይ ያው ፍሰት ወደ 50 ማይክሮአምፔር ይወርዳል። እርግጥ ትራንዚስተሩ ይሞቃል፤ ዑደቱም ወደ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ መውረድ ይኖርበታል። ይሁን እንጂ የቱቦው ቮልቴጅ ማከፋፈያ 3 ሜጋኦም ቢሆን የሚፈጀው የአንድ ዋት ሲሶ ነው፤ ምንጩ ሌላ ያን ያህል በሙቀት ቢያባክን ባትሪውን እንጂ ልኬቱን አይጎዳም። በሌላ ሥራ ነውር የሚሆነው ብክነት እዚህ የጸጥታ ዋጋ ነው።

የተረፈውን ሁከት 100 ኪሎኦም ሬዚስተርና 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር በ20 ኪሎኸርዝ ላይ 125 ጊዜ ያህል ይቀንሱታል። ሬዚስተሩ 33 ቮልት ስለሚያስቀር የቁጥጥሩ መስመር ከእርሱ በኋላ ይወሰዳል። አንዳንድ የሴራሚክ ካፓሲተሮች በከፍተኛ ቮልቴጅ አብዛኛውን አቅማቸውን ያጣሉ፤ በጣት ሲነኩም ራሳቸው ሁከት ያመነጫሉ።

ሲለካ ደግሞ የኦሲሎስኮፑ መንኪያ ጫፍና የመሬት ሽቦው አስቀድመው በአንድ የመሬት ነጥብ ላይ ማረፍ ይገባቸዋል፤ ያኔም ሁከት ከታየ መንኪያው የለቀመው እንጂ ከመውጫው የወጣ አይደለም። ቱቦው ሲነቀል ካፓሲተሮቹ ቻርጃቸውን እንደያዙ ስለሚቀሩ፣ ማፍሰሻ የሚሆን የጥቂት ሜጋኦም ሬዚስተር በመውጫው ላይ ለዘለቄታው ይበየዳል።