የፋብሪካ መዘጋትና የመሐንዲስ ዕዳ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ የተሰጠኝ ርእስ የኢንዱስትሪን ዕድገት የሚመለከት ነበር። ስለ ዕድገት ከእኔ የበለጠ ዕውቀትና ልምድ ያላቸው ተናጋሪዎች በመካከላችን ስላሉ፥ አዘጋጅ ኮሚቴውን አስፈቅጄ ስለ መዘጋት ለመናገር መርጫለሁ። ፋብሪካ ሲከፈት ሪባን ይቈረጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ መሐንዲሱም ከፊት ረድፍ ይቀመጣል። ሲዘጋ ግን የሚጠሩት የሒሳብ ሹሙና የሕግ ባለሙያው ናቸው። መሐንዲሱ ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። ዛሬ ላነሣ የምፈልገው ጥያቄ፥ በዚያች ቀን መሐንዲሱ በእርግጥ የሚጠየቅበት ነገር የለምን? የሚል ነው።

ለምሳሌ የመረጥሁት በአሜሪካ አገር፥ በዊስኮንሲን ግዛት፥ ኢስት ትሮይ በምትባል ትንሽ መንደር ይሠራ የነበረውን የቢዩል ሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ። ፋብሪካው መዘጋቱ የተነገረው በ2009 ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነበርሁ። የዚያን ፋብሪካ ሞተር ብስክሌት በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አሠራሩን ግን በሥዕል አጥንቼ ስለ ነበር ወሬውን ስሰማ የማውቀው ሰው የሞተ ያህል ተሰማኝ። ለምን እንደዚያ እንደ ተሰማኝ ለመረዳት አሠራሩን በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል።

መሥራቹ ኤሪክ ቢዩል ራሱ ሞተር ብስክሌት የሚወዳደር መካኒክ ነበር። ቀን እየሠራ ማታ እየተማረ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ከተመረቀ በኋላ፥ በ1979 በታወቀው የሃርሊ ዴቪድሰን ኩባንያ ተቀጠረ። ጥቂት ዓመታት ሠርቶ የራሱን የውድድር ሞተር ብስክሌት ለመሥራት ለቀቀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። የመጀመሪያው ሥራው፥ ባለ 750 ሲሲው አር ደብልዩ 750፥ የተነሣው ባርተን ከሚባል የእንግሊዝ አነስተኛ ሠሪ በተገኘ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። ባርተን ሥራውን ሲያቆም የቀሩትን ሞተሮች፥ መለዋወጫውን፥ የንድፍ ሥዕሎቹንና የመሥራት መብቱን ለቢዩል ሸጠለት። እንግዲህ የዚህ ሰው ሥራ የተጀመረው ከሌላ ፋብሪካ መዘጋት በተረፈ ሥዕል ነው ማለት ይቻላል።

ዕድሉ ግን አላማረም። ያ ሞተር ብስክሌት የሚወዳደርበት የውድድር መደብ ከ1985 በኋላ ተሰረዘ። ቢዩል ወደ ቀድሞ አሠሪው ሞተር ተመለሰ። ከሃርሊ የተረፉትን ኤክስ አር 1000 የተባሉ ሞተሮች ወስዶ በራሱ ሻንሲ ላይ እየገጠመ 50 ያህል ሠራ፤ እነዚያ ሞተሮች ሲያልቁም ባለ 1203 ሲሲውን የስፖርትስተር ሞተር ተጠቀመ። በ1993 ሃርሊ ዴቪድሰን የኩባንያውን 49 በመቶ ገዛ። በ1998 አብዛኛውን ድርሻ ያዘ፤ በ2003 ደግሞ ጠቅልሎ የራሱ አደረገው።

ባልደረቦቼ፥ የቢዩል መሐንዲሶች የገጠማቸው ችግር ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ ባለው ዕቃ ከሌለው ጋር መወዳደር ነው። የተሰጣቸው ሞተር በነፋስ የሚቀዘቅዝ፥ ሁለቱ ሲሊንደሮቹ በ45 ዲግሪ የተከፈቱ፥ የሁለቱም ፒስተኖች ክንድ በኮሎው ላይ አንድ ማሰሪያ የሚጋሩበት ነበር። እንዲህ ያለው ሞተር ጉልበቱን በዝቅተኛ ዙር ይሰጣል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ነገር ግን ከባድ ነው፤ ንዝረቱም ብርቱ ነው። የስፖርቱን ገበያ የያዙት ጃፓኖች ባለ አራት ሲሊንደር፥ በውኃ የሚቀዘቅዝ፥ ከዚያ በላቀ ዙር የሚሽከረከር ሞተር ነበራቸው። ሞተሩን መለወጥ ያልተፈቀደለት መሐንዲስ ምን ያደርጋል? ከሞተሩ በቀር ያለውን ሁሉ ይለውጣል። እነርሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ንዝረቱን በሚመለከት፥ ሞተሩን በላስቲክ ላይ አስቀምጠው በአግድም ዘንጎች አሰሩት፤ ስለዚህ ወደ ላይና ወደ ታች፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝ ሲፈቀድለት ወደ ጎን እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። ንዝረቱ ወደ አሽከርካሪው ሳይደርስ፥ ሞተሩ ራሱ የሻንሲው አጽም ክፍል ሆኖ ያገለግላል። በ2003 ሞዴልነት በወጣው ኤክስ ቢ 9 አር ላይ ደግሞ ከዚህ አልፈው ሄዱ። ነዳጁን ባዶ ሆኖ በተሠራው የአሉሚኒየም ሻንሲ ውስጥ አኖሩት፤ የሞተሩን ዘይት የኋላውን ጎማ በሚይዘው ክንድ ውስጥ ጨመሩት፤ ማርሚታውን ከሞተሩ ሥር አዋሉት። አንዱ አካል ሁለት ሥራ እንዲሠራ ሲደረግ ክብደት ይቀንሳል፤ የቀረውም ክብደት ወደ መካከል ይሰበሰባል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1320 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ ይህም ለ984 ሲሲ ሞተር ብስክሌት በጣም አጭር ነው።

ፍሬኑ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። በተለመደው አሠራር የፍሬኑ ዲስክ ከቸርኬው እምብርት ላይ ይታሰራል። ፍሬን ሲያዝ ኃይሉ ከእምብርቱ ተነሥቶ በቸርኬው ክንዶች በኩል ወደ ጎማው ይተላለፋል፤ ስለዚህ ክንዶቹ ያንን ኃይል እንዲችሉ ተደርገው መወፈር አለባቸው። ቢዩል ዲስኩን ከቸርኬው የዳር ቀለበት ላይ አሰረው። ኃይሉ ከዲስኩ በቀጥታ ወደ ጎማው ዳር ስለሚሄድ ክንዶቹ ቀጥነው ይሠራሉ፤ በሁለት ዲስክ ፈንታም አንድ ትልቅ ዲስክ ይበቃል። ከሞላ በታች ያለው ክብደት ሲቀንስ ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለውን ግንኙነት ሳይለቅ ጉድጓዱንና ጉብታውን ይከተላል። ሐሳቡ ከተገለጸ በኋላ ቀላል ይመስላል፤ ደፍሮ በሺህ የሚቈጠር ምርት ላይ ማዋል ግን ቀላል አልነበረም።

በመጨረሻም የተመኙትን ሞተር አገኙ። 1125 አር በተባለውና በ2008 ሞዴልነት በቀረበው ሞተር ብስክሌት ላይ የተገጠመው፥ በኦስትሪያ የሚገኘው ሮታክስ የሠራው፥ በውኃ የሚቀዘቅዝ፥ 146 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበር። በ2009 ዳኒ ኤስሊክ የተባለው ተወዳዳሪ በዚሁ ሞተር ብስክሌት የአሜሪካን የዴይቶና ስፖርትባይክ ሻምፒዮናነት አገኘ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 15 ቀን፥ ሃርሊ ዴቪድሰን የሦስተኛውን ሩብ ዓመት ሒሳብ ሲያስታውቅ፥ የቢዩል ምርት እንዲቆም መወሰኑን አብሮ አስታወቀ።

ምክንያቱ ምን ነበር? በ2008 የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ብድርን አደረቀ። ሞተር ብስክሌት ደግሞ በአሜሪካ በአብዛኛው በብድር የሚገዛ የመዝናኛ ዕቃ ነው። የሃርሊ የሩብ ዓመት ትርፍ ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ ጋር ሲተያይ 84 በመቶ ያህል ወረደ። አዲሱ የሥራ አመራርም ኀይሉን በሃርሊ ስም ላይ ብቻ ለማዋል ቈረጠ፤ በ2008 የተገዛውን የጣልያኑን ኤም ቪ አጉስታንም ለመሸጥ ወሰነ። በ2008 ሃርሊ ለገበያ ያቀረበው ከ300 ሺህ በላይ ሲሆን ቢዩል ያቀረበው 13 ሺህ ያህል ነበር፤ ከመቶ አራት እጅ ገደማ ማለት ነው። ቤት ሲጠብብ ማን አስቀድሞ እንዲወጣ እንደሚጠየቅ እናውቃለን።

ይህ የቅርቡ ምክንያት ነው። የሩቁ ምክንያት ግን በእኔ አስተያየት በአሠራሩ ውስጥ ከመጀመሪያው የነበረ ነው። ቢዩል ልብ የሚሆነውን ሞተር ከሌላው ይወስዳል። ሽያጩ በሃርሊ ወኪል ሻጮች በኩል ነው፤ እነርሱም የለመዱት ደንበኛ ረጋ ብሎ ረጅም መንገድ የሚጓዘው እንጂ በጥምዝ መንገድ የሚፈጥነው ወጣት አልነበረም። ገንዘቡም ከዚያው ካዝና የሚወጣ ነበር። ይህን ስል ሃርሊን ለመውቀስ አይደለም። ያ ሞተር፥ ያ የሽያጭ መረብና ያ ገንዘብ ባይኖሩ ኖሮ ከ136 ሺህ በላይ የቢዩል ሞተር ብስክሌቶች ከፋብሪካው ባልወጡም ነበር። የተሸከመው ትከሻና የጣለው ትከሻ አንድ ነው፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው።

የመጨረሻው ሞተር ብስክሌት በኦክቶበር መጨረሻ ተሠርቶ ወጣ። ወደ 180 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ኩባንያው ለመዝጊያው ብቻ ወደ 125 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ወጪ ገምቶ ነበር፤ ፋብሪካውም ለሌላ ባለሀብት አልተሸጠም። ሆኖም ለገዢዎች የተሰጠው ዋስትና እንደሚከበር፥ መለዋወጫና ጥገናም በወኪሎቹ በኩል እንደሚቀጥል ተነገረ። ኤሪክ ቢዩል እዚያው ኢስት ትሮይ ውስጥ በራሱ ስም አነስተኛ የውድድር ኩባንያ አቋቋመ፤ በ2013 የሕንዱ ሄሮ ሞቶኮርፕ 49.2 በመቶውን በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በኤፕሪል 2015 ግን ይህም ተዘጋ። ስሙ በ2021 በሚሺገን ግዛት በሌሎች እጅ እንደገና ተነሥቷል።

ክቡራትና ክቡራን፥ ይህን ሁሉ የተናገርሁት ስለ ሩቅ አገር ለመተረክ ብቻ አይደለም። ከራሴ የሥራ ዘመን አንድ ነገር ብነግራችሁ ሐሳቤ ይገለጻል።

ከተመረቅሁ በኋላ መጀመሪያ የተቀጠርሁበት የብረታ ብረት ድርጅት የበቆሎ መፈልፈያ ይሠራ ነበር። ዘንጉ ቶሎ ቶሎ ይሰበር ስለ ነበር የማሻሻሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ውፍረቱን ለወጥሁ፤ የተሸካሚ ኩሽኔታውን ቦታ አሸጋገርሁ፤ ስብራቱም ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድርጅቱ የበለጠ የሚያተርፍ የኮንትራት ሥራ አገኘና መፈልፈያው እንዲቆም ተወሰነ። ውሳኔው ስሕተት ነበር አልልም። እኔ ግን ተቈጥቼ ነበር፤ በቍጣዬም የተሻሻለውን ልክ በዋናው ሥዕል ላይ ሳላሰፍር፥ በግል ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንደ ተጻፈ ተውሁት። ደብተሩም ቤት ስቀይር ጠፋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የተሰበረ ዘንግ በጆንያ ጠቅልለው ከድርጅቱ በር ላይ ደረሱ። ዘበኛው ወደ እኔ አመጣቸው። መጋዘን ገብቼ ሥዕሉን አወጣሁ፤ የተጻፈው የድሮው፥ የሚሰበረው ዘንግ ልክ ነበር። የተሰበረውንም እንዳልለካ፥ የኩሽኔታው መቀመጫ ተበልቶ ልኩን አጥቷል። ይህን ሳስረዳቸው በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፥ የሠራኸው አንተ አይደለህምን?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኋቸው። ሌላ ነገር ሳይናገሩ ጆንያቸውን ተሸክመው ሄዱ። ምርቱን የዘጋው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ መፈልፈያውን ጨርሶ የገደለው ግን የእኔ ዝምታ ነው።

እንግዲህ ወደ መነሻ ጥያቄዬ እመለሳለሁ። ፋብሪካ ይዘጋ ወይም አይዘጋ ብሎ የሚወስነው ባለገንዘቡ ነው፤ በዚህ ላይ የመሐንዲሱ ድምፅ ትንሽ ነው። ነገር ግን ሦስት ነገሮች በእጃችን ናቸው። የመጀመሪያው፥ በምንሠራው ዕቃ ውስጥ የትኛው ክፍል የራሳችን፥ የትኛው ደግሞ ከሌላ የተለመነ እንደ ሆነ ገና ከጅምሩ ለአሠሪዎቻችን በግልጽ መንገር ነው። ከውጭ የመጡ ክፍሎችን በሚገጣጥሙ ድርጅቶች የምትሠሩ ባልደረቦቼ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው፥ ሥዕልንና ልክን ፋብሪካው ነገ የሚዘጋ ይመስል በየቀኑ አስተካክሎ ማኖር ነው። የባርተን ሰዎች ሥዕላቸውን ባያኖሩ ኖሮ የቢዩል የመጀመሪያ ሥራ ባልተነሣም ነበር። ሦስተኛው፥ ዕቃው በገበሬው ወይም በአሽከርካሪው እጅ እስካለ ድረስ ሥራችን እንዳላለቀ መቊጠር ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሥራቸውን ያቆሙ ወርክሾፖችና ፋብሪካዎች ባለንብረቶቹ በፈቀዱት መጠን ሥዕሎቻቸውን፥ የልክ ሰንጠረዦቻቸውንና የጥገና መምሪያዎቻቸውን የሚያስረክቡበት አንድ የመዝገብ ክፍል በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቋቋም። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ክፍል፥ ጥቂት መደርደሪያና ተራ ጠባቂ አባላት ይበቁታል። የመጀመሪያውን ሥዕል እኔ አስረክባለሁ። የዚያን መፈልፈያ ዘንግ ልክ ከሌላ ገበሬ ዘንድ ካልተሰበረ መፈልፈያ ላይ እንደገና ለክቼ ሥዕሉን አስተካክያለሁ። ሽማግሌውን ግን እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም።