ጡረታ የሚወጣው መሣሪያና የተጠቃሚው አደራ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




የተሰጠኝ ርእስ፣ አንድ ሱፐርኮምፒዩተር አገልግሎቱን ሲጨርስ ተጠቃሚዎቹን ወደ አዲስ ክላስተር ስለ ማሸጋገር ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የመሣሪያ ጉዳይ ይመስላል። በመሠረቱ ግን የሰው ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የነበረውን «ታይታን» እንመልከት። ታይታን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 ከዓለም ፈጣኑ ሆኖ ተመዘገበ። 18,688 ኖዶች ነበሩት፤ በእያንዳንዱም ኖድ አንድ ባለ 16 ኮር ፕሮሰሰርና አንድ የግራፊክስ ፕሮሰሰር ይገኝ ነበር። ተተኪው «ሰሚት» 4,608 ኖዶች ብቻ ሲኖሩት፣ በእያንዳንዱ ኖድ ግን ሁለት ፕሮሰሰሮችና ስድስት የግራፊክስ ፕሮሰሰሮች ተተከሉለት። የኖዶቹ ቁጥር ወደ ሩብ ሲወርድ ከፍተኛው ፍጥነት ከ27 ወደ 200 ፔታፍሎፕስ ገደማ ወጣ።

ይህ ለሻጩና ለገዢው የምሥራች ነው። ለተጠቃሚው ግን ሦስት ችግሮችን ያስከትላል። አንደኛ፣ የፕሮሰሰሮቹ ዓይነት ስለሚለያይ በአሮጌው ላይ የተዘጋጀው ፕሮግራም በአዲሱ አይሠራም፤ ከመነሻው ጽሑፍ እንደገና ኮምፓይል መደረግ አለበት። ሥራ ማስጀመሪያው ትእዛዝ እንኳ ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ለአንድ የግራፊክስ ፕሮሰሰር የተቀመረው ስሌት ለስድስት መከፋፈል ይኖርበታል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ውጤትን ማመሳከር ነው። ኮምፒዩተር ክፍልፋይ ቁጥሮችን ሲደምር በየደረጃው ያጠጋጋል፤ የመደመሩ ቅደም ተከተል ሲለወጥ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለወጡ ይችላሉ። ተጠቃሚው ያየው ልዩነት ከማጠጋጋት ይምጣ ወይም ከስሕተት ለመለየት፣ ሁለቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን ማስላት ያስፈልገዋል። አሮጌው ከጠፋ በኋላ ምስክር አይገኝም።

ስለዚህ አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት እዚህም ይሠራል። ላቦራቶሪው ሰሚት ከመተከሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ 13 የፕሮግራም ሥራዎችን መርጦ ከባለቤቶቻቸው ጋር ማዘጋጀት ጀመረ። ሰሚት ለተጠቃሚዎች በሰፊው ከተከፈተ በኋላም ታይታን ወዲያው አልተዘጋም፤ እስከ ኦገስት 2019 መጀመሪያ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሠርተዋል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባገለገልሁበት አንድ ድርጅት፣ ከእነዚህ ጋር የማይወዳደር ትንሽ ክላስተር ጡረታ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ኃላፊነቱም ለእኔ ተሰጠ። ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ ላክን። ቀኑ ሲደርስ መሣሪያውን ዘጋን፤ ዲስኮቹንም ደመሰስን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አረጋዊ የወንዞች ፍሰት ተመራማሪ ከረጅም የመስክ ሥራ ተመልሰው ወደ ቢሮዬ መጡ። የስሌታቸው ውጤት በሙሉ በዚያው ዲስክ ላይ ነበር። ነገሩን ሲረዱ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ መሣሪያው የእናንተ ነው፤ በውስጡ የነበረው የአራት ዓመት ድካም ግን የእኔ ነበር» አሉኝ። ሦስት ማስታወቂያ ልከናል ብዬ ልመልስ አሰብሁ፤ አፌ ግን እሺ አላለኝም። ማስታወቂያ መላክና መልእክት ማድረስ አንድ አለመሆናቸውን የተማርሁት በዚያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በሦስት ነገሮች እመራለሁ። ተጠቃሚዎችን በብዛታቸው ሳይሆን በስማቸው እመዘግባለሁ፤ መልስ ያልሰጠውን ራሴ ፈልጌ አነጋግራለሁ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ አንድ የሙከራ ስሌት በሁለቱም መሣሪያዎች እንዲሠራ አደርጋለሁ። የስሌቱ ክፍል ከተዘጋ በኋላም የመረጃ ማከማቻው ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ለጥቂት ወራት እንዲቆይ እጠይቃለሁ።

ሁለት መሣሪያዎችን አንድነት ማቆየት የመብራት፣ የማቀዝቀዣና የጥገና ወጪ ያስከትላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው እውነት አለው። ይሁን እንጂ ብዙውን ኃይል የሚበላው የስሌቱ ክፍል እንጂ ማከማቻው አይደለም። ከዚህም በላይ የጠፋ የምርምር ውጤት ዋጋ በበጀት መዝገብ ላይ ባይጻፍም የሚከፍለው ሰው አለ።

ሰሚትም በተራው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ተዘግቷል። ከ2022 ጀምሮ የታወቀው «ፍሮንቲየር» የሌላ ፋብሪካ የግራፊክስ ፕሮሰሰሮች ስላሉት፣ ተጠቃሚዎቹ ፕሮግራሞቻቸውን ዳግመኛ ማስማማት ነበረባቸው። እንግዲህ ሽግግር የማይቀር ከሆነ፣ የመሣሪያው መዝጊያ ዕቅድ በተተከለበት ዕለት ቢጻፍ መልካም ነው። የመሐንዲሱ ሥራ የሚያበቃው አዲሱ መሣሪያ ሲነሣ ሳይሆን፣ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሥራውን በእጁ ሲረከብ ነው።