ከአንደኛ ክፍል በፊት ስንት ዓመት?



በፈረንሳይ አገር ሕፃን በ3 ዓመቱ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ይህም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። በፊንላንድ ግን ከአንደኛ ክፍል በፊት ግዴታው የአንድ ዓመት ትምህርት ነው፤ እርሱም በ6 ዓመት ይጀመራል። በዚህ ፊንላንድ ሰነፈች እንዳንል፥ ብዙዎቹ ልጆቿ ከዚያ አስቀድሞ በሕፃናት ማቆያ ሲጫወቱና ተረት ሲሰሙ የቆዩ ናቸው። የዓመቱ ቍጥር ብቻውን ያታልላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ልዩነቱን በአንድ ወንበር ላይ እናየዋለን። ወላጁ መክፈል የሚችልለት የከተማ ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ በመዋዕለ ሕፃናት ቆይቶ ይመጣል፤ የገጠሩ ልጅ፥ ያውም ዕድል ከገጠመው፥ አንድ ዓመት ዜሮ ክፍል ተምሮ ይመጣል። መጽሐፉ አንድ፥ ፈተናውም አንድ ነው፤ አንዱ ስሙን ሲጽፍ ሌላው ገና የእርሳስ አያያዝ ይለማመዳል። ከመካከላችንም በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥረን የመጣን አለን፤ ያ ዓመት ግን በማንም መዝገብ አልተጻፈልንም።