ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት

(በ20ኛ ዓመት የምረቃ መታሰቢያ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ "ሆሳዕና ስለምትሠሪው ሥራ ትንሽ አውሪን" ሲለኝ ስለ ሆስፒታል ሥራዬ መስሎኝ ነበር። "አይ፣ ስለ እድራችሁ ነው" አሉኝ። ሳቄ መጣ። ጅማ ላይ ያን ሁሉ ዓመት ያነበብኩት ለካ የእድር ኮሚቴ ሰብሳቢ ልሆን ኖሯል! በኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ያን ያህል የሚያስቅ አልሆነም።

ታስታውሱ እንደሆነ ከዱራሜ የመጣ አንድ ጓደኛችን "አባቴ የሴራ መዋጮ አለብኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈልኝ" ሲለን ዶርሙ በሙሉ ደንግጦ ነበር። በከምባታ ሴራ ማለት እንደ እድር ያለ ነው፤ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ችግር ሲመጣ ይሰበሰባል። እኛ ግን በአማርኛው ሰምተን "አባትህ ምን ሊያደርጉ ነው?" ብለን ልጁን ፋታ ነሣነው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ዓይነት ሴራ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት እናት ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እማማ እንበላቸው። ተመላላሽ ክፍል አይቻቸዋለሁ። የደም ግፊታቸው 190 በ110 ነበር። መድኃኒት አዘዝኩ፣ ጨው ቀንሱ አልኩ፣ በወሩ ተመለሱ አልኩ። አንድ ጊዜ መጡ፣ ከዚያ ቀሩ። ካርዳቸው ላይ የጻፍኩትን አልረሳውም፤ "መመሪያ አይከተሉም" ብዬ ነው የጻፍኩት። እናንተም ጽፋችሁ ታውቃላችሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጎረቤቶች የግቢያቸው በር ከሐሙስ ጀምሮ አለመከፈቱን አስተዋሉ። ሰብረው ሲገቡ መሬት ላይ ወድቀው አገኟቸው። ስትሮክ ነበር። ጥቂት ቀን ተኝተው አረፉ።

ባረፉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳኑ መጣ፣ አግዳሚ ወንበሩ መጣ፣ ድስቱ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። እኔም ሄድኩ፤ ምክንያቱም ቤታቸው ከቤቴ አምስተኛው ነው። ይህንን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ገንዘብ ያዣችን መዝገቡን ገልጦ "አንድ ወር እንኳ አጓድለው አያውቁም" ሲል ሰማሁ። ያን ሁሉ ዓመት የከፈሉበት እድር የደረሰላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ክኒኑ በቆርቆሮ ውስጥ ሳይነካ ተገኘ። አጠገባቸው ያለች ልጅ ነገረችኝ፦ ማንበብ ስለማይችሉ ከጉልበት መድኃኒታቸው ጋር ተምታታባቸው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ተዉት። ወደ ሐኪም የሚወስዳቸው ሰው ደግሞ አልነበረም። ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ ናቸው።

እዚህ ላይ አገራችንን ለማታውቁ ትንሽ ልበል። ከሐዲያና ከከምባታ ሰው ለሥራ መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። በአባቶቻችን ጊዜ ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ ሸንኮራ እርሻ ይኬድ ነበር። ያኔ ግን ሰው በዓመቱ ለመስቀል ይመለሳል። አሁን መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ እያለ ደቡብ አፍሪካ ይደርሳል፤ የሄደ ልጅ ወረቀት እስኪያገኝ ድረስ አባቱን ሊቀብር እንኳ አይመጣም። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ የምታዩት ብዙው ፎቅ በዚያ ገንዘብ የተሠራ ነው። በፎቁ ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ድሃ ናቸው አይባልም። ገንዘቡ ይመጣል፤ ክኒን የሚያቀብል እጅ ግን በሐዋላ አይመጣም።

ከመንግሥት በኩልስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይላል። ጡረታ ግን ደመወዝተኛ ለነበረ ሰው ነው፤ እንሰት ስትፍቅ ለኖረች እናት የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ 16ቱ ፓኬጆች ሲጀመሩ ግን በአብዛኛው ያተኮሩት በእናቶችና ሕፃናት፣ በንጽሕና እና በተላላፊ በሽታ ላይ ነበር። እኛስ ራሳችን? ሲ.ቢ.ቲ.ፒ. ስንወጣ ጅማ ዙሪያ ያላንኳኳነው በር አልነበረም። ሽንት ቤት ቆጠርን፣ ክትባት ቆጠርን፣ የውኃ ጉድጓድ ቆጠርን። "ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ብቻውን የሚኖር ሰው አለ ወይ?" ብዬ የጠየቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከለቅሶው በኋላ ለእድሩ ዳኛ "የአረጋውያን ኮሚቴ እናቋቁም" አልኳቸው። "እሺ፣ አንቺ ምሪው" አሉኝ። በቃ፣ እንዲህ ነው የተሾምኩት።

መጀመሪያ ሁሉንም ነገር አበላሸሁት። ዋርድ እንደምመራ ነው የያዝኩት። አራት ገጽ ቅጽ አዘጋጀሁ፣ የግፊት መለኪያ ገዛሁ፣ በቅጹ ራስ ላይ "የተረጂዎች መዝገብ" ብዬ ጻፍኩ። እሑድ ጠዋት ጠረጴዛ ዘርግቼ ስጠብቅ የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በሩ ላይ ቆመው "ልጄ፣ ግማሹን ከተማ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተረጂ ብለሽ ከመዘገብሽኝ ግፊቴ ቢፈነዳም አልመጣም" አሉኝ። ትክክል ነበሩ። መዝገቡን "የአባላት መዝገብ" አልነው። አረጋውያኑ ራሳቸው እንዲያዋጡ፣ ኮሚቴው ውስጥም እንዲገቡ አደረግን። መምህሩ አሁን ጸሐፊያችን ናቸው፤ የእኔን ቃለ ጉባኤ በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚያርሙት።

ሁለተኛው ጥፋቴ ለፋፊያችን ላይ ነው። ከእሱ በላይ ቤቱን ሁሉ የሚያውቅ የለም ብዬ በየጠዋቱ የአረጋውያኑን በር እንዲያንኳኳ ላክሁት። አንድ አባት በሩን ከፍተው ሲያዩት ክው አሉና "ማን ሞተ?" አሉት። "ማንም አልሞተም፣ እርስዎን ለማየት ነው" ሲላቸው "እኔም ገና አልሞትኩም፤ ሂድልኝ!" ብለው በሩን ዘጉበት። ጡሩምባ ነፊ ደጅህ ከቆመ መልካም ዜና ይዞ አይመጣምና አልፈርድባቸውም። እሱን ትተን ለእያንዳንዱ አረጋዊ በቅርብ ካሉት ጎረቤቶች ሁለት ሰው መደብን። ሥራቸው ቀላል ነው፤ ጠዋት ማየት፣ መድኃኒቱ መወሰዱን መጠየቅ፣ አንድ ነገር ከጎደለ ለኮሚቴው መደወል።

ትልቁ ክርክር የመጣው በጠቅላላ ጉባኤ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን "ገንዘቡ ለቀብርና ለለቅሶ ብቻ ይውላል" ይላል። ይህን እናሻሽል ስል አንድ አዛውንት ተነሡ፦ "እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ያዋጣሁት ሬሳዬ ሜዳ እንዳይወድቅ ነው። ለክኒን ካዋላችሁት ማን ይቀብረኛል?" ጉባኤው ጸጥ አለ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ክቡር ቀብር እንደሚጠብቃቸው ማወቃቸው ለእሳቸው ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። ደግሞ የለቅሶ ገንዘብ አንዴ ለሌላ ነገር መውጣት ከጀመረ እድሩ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ የቀብሩን ሣጥን ሳንነካ ሌላ ሣጥን ከፈትን፤ ሁሉም በየወሩ ትንሽ ይጨምራል። የለቅሶ ቤት ድግስም ወደ ንፍሮና ቡና ዝቅ ብሎ ከዚያ የተረፈው ወደ አዲሱ ሣጥን እንዲገባ ተወሰነ። ይህን ሐሳብ ያመጡት እኚያው አዛውንት ናቸው።

በሣጥኑ ምን እናደርጋለን? ሐኪም ቤት ለሚሄድ የባጃጅ እንከፍላለን፣ አጃቢ እንመድባለን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ አረጋውያን ጊዜው ሲያልፍባቸው የሚያውቁት ታመው ካርድ ክፍል ሲደርሱ ነው። አሁን የእድሩ ጸሐፊ አስቀድሞ አስታውሶ ያሳድሳል። የክኒን ዕቃዎች ላይ ፀሐይና ጨረቃ እንሥላለን፤ ፀሐይ የጠዋት፣ ጨረቃ የማታ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ግፊትና ስኳር እንለካለን፣ እግር እናያለን። የአንድ ስኳር ሕመምተኛ አባታችንን የእግር ቁስል ያየችው እኔ አይደለሁም፤ ጠዋት የምትጠይቃቸው ጎረቤት "ካልሲያቸው ይሸታል" ብላ ደወለችልኝ። አንድ ጣት አጡ፤ እግራቸው ተረፈ።

ሁሉም ተሳክቷል አልላችሁም። ባለፈው ዓመት በመስቀል ሰሞን አንድ አባታችንን ብቻቸውን አጣናቸው። በእኛ አገር ለመስቀል ከተማው ባዶ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ወደ ገጠር ይወጣል። ሁለቱም ተመዳቢዎች ወጥተው ነበር፤ እያንዳንዳቸው "ሌላኛው አለ" ብለው አስበዋል። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። አሁን ከከተማ የሚወጣ ሰው ተተኪውን በስም ሳያስረክብ አይሄድም።

ከመካከላችሁ አሜሪካ ያላችሁ ታውቁት ይሆናል፤ ቦስተን ቢከን ሂል በሚባል ሰፈር ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ጎረቤታሞች ተሰብስበው "ከቤታችን ሳንወጣ እናርጅ" ብለው የአባልነት ማኅበር አቋቋሙ። በዓመት ይከፍላሉ፤ መኪና የሚነዳላቸው፣ አምፖል የሚቀይርላቸው ሰው ሲፈልጉ ይደውላሉ። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። ሳነበው ደነቀኝ። እነሱ ከባዶ የመሠረቱት ነገር አብዛኛው እኛ ዘንድ አለ፦ መዋጮው፣ መዝገቡ፣ ዳኛው፣ ቀርቶ የሚቀጣው ቅጣት ሳይቀር። በኤች አይ ቪ ዘመንም ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ማስታመም፣ ወላጅ ያጣ ልጅ መደገፍ ጀምረው ነበር። መቄዶንያም ጧሪ የሌላቸውን ከጎዳና አንሥቶ ትልቅ ሥራ እየሠራ ነው። እኔ የምናገርላቸው አረጋውያን ግን ቤት አላቸው፣ ልጅ አላቸው፣ ጎረቤት አላቸው። የጎደላቸው ጠዋት "እንዴት አደሩ?" የሚላቸው ሰው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ2021 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የጤናማ እርጅና አሥርት ብሎ ሰይሞታል። አሥርቱ ሊያልቅ ነው፤ እኛም ወደዚያው እየሄድን ነው። ፀጉራችንን እየተያየን አይደል?

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ የእድር አባል ናችሁ፤ ብዙዎቻችሁም እንደ እኔ ቅጣቱን እየከፈላችሁ ስብሰባ ትቀራላችሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሂዱ። ሐኪም ነኝ ብላችሁ ጠረጴዛ አትዘርጉ። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጡና ተራችሁ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ከአባሎቻችን ብቻቸውን የሚያድሩት እነማን ናቸው?" ስማቸው ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰፈሩ ራሱ ያውቀዋል።

የእማማ ካርድ ላይ የጻፍኩትን ዛሬ ብጽፈው "ብቻቸውን ይኖራሉ፣ አጃቢ ያስፈልጋቸዋል" እል ነበር። ያ ቢጻፍ ኖሮ ምናልባት ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር።

ሆሳዕና የመጣ ሁሉ እኛ ቤት አተካና ሳይበላ አይሄድም፤ መጀመሪያ ግን እሑድ ግፊት እናስለካዋለን።