ስለ አሮጌ አውቶሞቢል እድሳትና ስለ ጣራው ልብስ



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ፣ እንዲያውም የቅንጦት ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ይኸውም ዕድሜው የገፋ አውቶሞቢል ሲታደስ በጣራው ላይ የተለጠፈው ቪኒል የተባለው ልብስ ይቆይ ወይስ ይነሣ የሚለው ጥያቄ ነው። ዳሩ ግን በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ከአባቱ የወረሰውን ወይም ከብዙ ዓመት ቁጠባ በኋላ የገዛውን መኪና ለማደስ ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ፣ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ጣራው ሲያፈስስና ቀለሙ ሲያብጥ ቢያይ ኪሳራው ትንሽ አይባልም። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን ጠብቆ ስለ ማኖር ማሰብ ይበልጥ ተገቢ ሆኗል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የዚህን ልብስ ታሪክ ባጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። የፋብሪካዎቹን ዘመን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውስ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የነበሩት ብዙዎቹ ዝግ አውቶሞቢሎች ጣራቸው ሙሉ ብረት አልነበረም። ፋብሪካዎቹ ሰፊውን ጣራ ከአንድ ላሜራ አትመው ለማውጣት የሚችሉበት መሣሪያ ገና ስላልነበራቸው፣ መካከሉን በእንጨት ርብራብ ደግፈው ውሃ እንዳያስገባ በተደረገ ጨርቅ ይሸፍኑት ነበር። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለ1935 ሞዴሎቹ ሙሉ የብረት ጣራ ካወጣ በኋላና ሌሎችም ከተከተሉት በኋላ ጨርቁ ሥራውን ጨረሰ።

ይሁን እንጂ ሥራውን የጨረሰው ነገር ጌጥ ሆኖ ተመለሰ። በ1956 ካዲላክ ኤልዶራዶ ሴቪል የተባለው መኪና በቪኒል የተሸፈነ የብረት ጣራ ይዞ ወጣ፤ በ1962 ደግሞ ፎርድ ተንደርበርድ ላንዳው በተባለው ሞዴል ላይ ከቪኒሉ ጋር በጎንና በጎኑ የታጠፈ ብረት አደረገበት። ያ ብረት የድሮውን ሠረገላ ታጣፊ ጣራ ለማስመሰል የተለጠፈ ጌጥ እንጂ ምንም የሚያጥፈው ነገር አልነበረም። ከዚያም ፋሽኑ እየሰፋ ሄዶ በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካም በአውሮፓም ተስፋፋ፤ የእንግሊዙን ፎርድ ኮርቲና ጂ.ኤክስ.ኤል.ና ፎርድ ግራናዳ ጊያን ለምሳሌ ያህል መጥቀስ ይቻላል። እንግዲህ ጨርቁ አስቀድሞ ራሱ ጣራ ነበር፤ በኋላ ግን የጣራ ልብስ ሆነ። ይህን ልዩነት እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ የምንወስነው ውሳኔ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

ቪኒል ከፖሊቪኒል ክሎራይድ የሚሠራ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። በጀርባው ስስ ጨርቅ አለው፤ ፊቱም ቆዳ እንዲመስል ሆኖ የታተመ ነው። ይህ ፕላስቲክ በተፈጥሮው ደረቅ ስለ ሆነ ፋብሪካው እንዲለሰልስ ሌላ ንጥረ ነገር ይጨምርበታል። ፀሐይና ሙቀት በዓመታት ብዛት ይህን ማለስለሻ ጥቂት በጥቂት ያስወጡታል፤ ከዚህም የተነሣ ልብሱ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በስፌቱም በኩል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቢሆንም ለዝናብ ውሃ በቂ በር ነው።

ውሃው አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ግን በቀላሉ አይወጣም። የጀርባው ጨርቅ፣ በአንዳንድ መኪናዎችም ከሥር የተነጠፈው ስፖንጅ፣ ውሃውን መጥጦ ያቆየዋል፤ ፀሐይ በወጣች ጊዜ ልብሱ ከላይ ደርቆ ሲታይ ብረቱ ከሥር እንደ ረጠበ ይኖራል። ዙሪያውን የሚይዙት የሚያብረቀርቁ ጌጦች የሚታሰሩት በብረቱ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ወይም በተበየዱ ትንንሽ ችንካሮች ስለ ሆነ፣ ዝገቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእነዚህ ስፍራዎችና ከኋላው መስታወት ግርጌ ነው። ከዚህም በላይ አንዳንድ ፋብሪካዎች ጣራው እንደሚሸፈን ስላወቁ ከሥሩ ያለውን ብረት እንደ ሌላው አካል አጣርተው አልቀቡትም፤ ጣራው ከጎኑ ምሰሶ ጋር የሚበየድበትንም መጋጠሚያ በሚገባ ሳያለሰልሱ ትተውታል። ስለዚህ ልብሱ ጌጥ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ያልተጨረሰ ሥራ መሸፈኛም ነበር ማለት ነው።

የአገራችን አየር ጠባይ ደግሞ ለዚህ ልብስ አይራራለትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በመሥሪያ ቤት ግቢ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ጥላ የሚቆም መኪና ይህን ሁሉ ጨረር በጣራው ይቀበላል፤ ከዚያም ሰኔ ሲገባ ዝናቡ እስከ መስከረም ይወርድበታል። በጋ የሰነጠቀውን ክረምት ያጠጣዋል።

የመኪናችሁን ጣራ ለመመርመር ብዙ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ልብሱን በአውራ ጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ጠንካራና ለስላሳ ሆኖ ይሰማችኋል፤ እብጠት ካለበት ወይም ከሥሩ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማችሁ ግን ዝገት ጀምሯል። ቀጥሎም የውስጡን ኮርኒስ ተመልከቱ፤ ቡናማ የውሃ ምልክት ካለበት ልብሱ ማፍሰሱን ያመለክታል። በመጨረሻም የኋላውን የዕቃ ማስቀመጫ ክፈቱና ምንጣፉን አንሥታችሁ ዳስሱ። ከመስታወቱ ግርጌ የገባ ውሃ ወደዚያ ስለሚወርድ፣ የጣራው ችግር ሳይታወቅ ወለሉ ተበልቶ የተገኘበት መኪና ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶችን መጥቀስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስንጥቁን በሲሊኮን ደፍኖ፣ ልብሱን በሚያብለጨልጭ ቅባት ወልውሎ መተው ነው፤ ይህ ውሃውን ከውስጥ ይዘጋበታል እንጂ አያስወጣውም። ሁለተኛው አሮጌውን ልብስ ገፍፎ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አለፍ አለፍ አድርጎ ፈትጎ፣ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ፣ አዲሱን ልብስ በማስቲሽ ከላዩ መለጠፍ ነው። መኪናው በዚያ ሳምንት እንደ ሙሽራ ያምራል፤ ዝገቱ ግን ከአዲሱ ልብስ ሥር ሥራውን ይቀጥላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ብሂል ለብረትም ይሠራል።

ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፤ ጣራውን እንደማይሸፈን አድርጋችሁ አሠሩት፤ መሸፈን አለመሸፈኑን ከዚያ በኋላ ወስኑ። ብዙ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ጋራዥ ሳይገባ፣ ብረቱንም ሳያይ፣ «ጥቁሩ ልብስ ያምራል» ወይም «ልብስ አልወድም» ብሎ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ጉዳት ሁሉ ለዚያ ውሳኔ እንዲመች ሆኖ ይሸፋፈናል።

ሥራው በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ጌጦቹና መስታወቶቹ ይወጣሉ። ለአሮጌ ሞዴል ምትክ መስታወት ማግኘት ከባድ ስለ ሆነ፣ ባለሙያው መስታወቱን ከሚታገል ጎማውን ቆርጦ መስታወቱን ቢያድን ይሻላል፤ እናንተም አዲሱ ጎማ በእጃችሁ መግባቱን ሳታረጋግጡ አሮጌው እንዳይቆረጥ ተጠንቀቁ። ቀጥሎ ልብሱና ማስቲሹ ተገፍፎ ብረቱ ራቁቱን ይወጣል። በዚህ ጊዜ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ከባትላሜራው ጋር የምትነጋገሩት በግምት ሳይሆን በሚታይ ነገር ላይ እንዲሆን ይረዳችኋል። የተበላው ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ ይበየድ፤ ስቱኮ ትንሽ ጎድጓዳ ያስተካክላል እንጂ የጠፋ ብረት አይተካም። በዚያ ዘመን የአካል መጋጠሚያዎች እርሳስ በተባለው መርዘኛ ብረት ይሞሉ ስለ ነበር፣ ሠራተኛው ሲፈትግ አፍና አፍንጫውን በሚገባ መሸፈን አለበት፤ ልጆችም ከአቧራው መራቅ አለባቸው። በመጨረሻም ጣራው የዝገት መከላከያውንና የመኪናውን ቀለም ከዳር እስከ ዳር ይቀባ።

ጣራው እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ምርጫው በእጃችሁ ነው። ልብሱ ይመለስ ካላችሁ ሥራው በበጋ ይሁን። ቪኒሉ ከመለጠፉ በፊት ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይለስልስ፤ ከመካከለኛው መሥመር ተጀምሮ ወደ ዳር በሁለት ሰው እጅ እየተሳበ ይለጠፍ። የማስቲሹ ሽታ ራስን የሚያዞርና በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ስለ ሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይሠራ። ልብሱ ይቅር ካላችሁ ደግሞ ወጪ የለውም ብላችሁ አትዘናጉ። የጌጦቹ ቀዳዳዎች በብየዳ መደፈን አለባቸው፤ ፋብሪካው ሸካራ አድርጎ የተወው መጋጠሚያም መለሳለስ አለበት፤ የጣራው አዲስ ቀለም ከቀረው አካል አሮጌ ቀለም ጋር ስለማይመሳሰል ቀለም ቅቡ ወደ ጎኖቹም ሊወርድ ይችላል። ልብሱ ገና ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ግን አትንኩት። በለስላሳ ሳሙናና በስስ ብሩሽ አጥባችሁ፣ ከቤንዚን አርቃችሁ፣ በጥላ አቁሙት፤ አየር በማያስገባ ፕላስቲክም አትሸፍኑት፤ እርጥበት ያፍናልና።

ልብሱ ከመኪናው ጋር የተወለደ ነው ወይስ በኋላ የተጨመረ ነው ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ከልብሱ ሥር የተገኘው ቀለም እንደ ሌላው አካል አምሮ የተጨረሰ እንደ ሆነ፣ ልብሱ በኋላ መጨመሩን መጠርጠር ይቻላል፤ ከሥሩ የግጭት ጥገና ቢገኝ ደግሞ ለምን እንደ ተጨመረ መልሱ ተገኘ። በአንዳንድ የአሜሪካ መኪናዎች ላይ ፋብሪካው በአካሉ ላይ ያሠረው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ስለ ጣራው ልብስ ምልክት ይዟል። በኋላ የተጨመረውን ማንሣት መኪናውን ወደ ራሱ መልክ መመለስ ነው፤ አብሮት የተወለደውን ማንሣት ግን መልኩን መለወጥ ነውና ይታሰብበት።

ይህ ሁሉ ተመዝኖ የእኔን አስተያየት ብትጠይቁኝ፣ በየቀኑ ወደ ሥራ የሚያደርሳችሁና በሜዳ የሚያድር መኪና ከሆነ ልብሱ ቢቀርለት ይሻለዋል እላለሁ። ጥቁር ልብስ ሙቀት ስለሚስብ እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ አገር ለሚኖር ሰውማ ምክንያቱ እጥፍ ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚያድር፣ በበዓልና በእሑድ ብቻ የሚወጣ፣ ልብሱም ከፋብሪካ የመጣ ከሆነ ግን ልብሱ ቢመለስለት ክብሩ ነው።

ከሒሳቡ ውጭ የሆነ አንድ ነገር ደግሞ አለ። መኪናው የአባት ትዝታ በሆነበት ቤት፣ ታላቁ ወንድም «አባታችን የሚያውቀው መልኩ አይለወጥ» ሲል፣ ታናሹ «ከሚያረጅ ጌጥ ይልቅ ብረቱ ይትረፍ» ሲል፣ ክርክሩ ስለ ጣራ መሆኑ ቀርቶ አባትን ማን ይበልጥ ወደደ ወደሚል ቅያሜ ይደርሳል። እንዲህ ያሉ ወንድማማቾች አስቀድመው የሚስማሙበት ነገር አላቸው፤ እርሱም ብረቱ መዳን እንዳለበት ነው። በዚያ ተስማምተው ወጪውን ተካፍለው ሥራውን ይጀምሩ፤ ራቁቱን ብረት አብረው ካዩ በኋላም ስለ ልብሱ ይነጋገሩ። አባት ያቆዩት መኪናውን ነው፤ ልብሱን ቢመልሱትም ቢተዉትም የአደራው ፍሬ ነገር ከሥሩ ያለው ብረት ነው።

የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ሽፋኑ ያማረ፣ ውስጡ ግን ወረቀቱ የጎደለ ፋይል ጉዳይ ለማስፈጸም እንደማይበቃ በየቀኑ ታያላችሁ። ጣራችሁንም እንደዚሁ መርምሩት፤ የዘንድሮው ክረምት ሳይገባ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት፤ ምንጣፉንም አንሡና እዩ።