ከቆሻሻ ማቃጠያ የሚወጣውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ መቆጣጠር



በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ የአውሮፓን የልቀት ደረጃ እንዲያሟላ ታስቦ መሠራቱ በወቅቱ ተገልጿል። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል፦ በንድፍ የተያዘ ደረጃ በዕለት ተዕለት ሥራ የሚጠበቀው እንዴት ነው? ማሳያዬ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው፤ ሳንባን የሚጎዳ፣ በፀሐይ ብርሃንም ለምድር ቅርብ የሆነ ኦዞን እንዲፈጠር የሚያደርግ ጋዝ።

በቆሻሻ ማቃጠያ ይህ ጋዝ በአብዛኛው የሚመነጨው ከአየር ናይትሮጅን ሳይሆን በቆሻሻው ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ እሳቱን ማብረድ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። እንዲያውም ዳይኦክሲንን የመሳሰሉ መርዞች እንዲጠፉ የአውሮፓ ሕግ ጋዙ ቢያንስ በ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰከንድ እንዲቆይ ያስገድዳል።

የመጀመሪያው እርምጃ የማቃጠያውን አየር በደረጃ ማስገባት ነው። ቀጥሎ አሞኒያ ወይም ገበሬዎቻችን በማዳበሪያነት የሚያውቁት ዩሪያ ተሟሙቶ ወደ ምድጃው ይረጫል፤ ናይትሮጅን ኦክሳይዱም ወደ ናይትሮጅንና ውኃ ይለወጣል። ይህ የሚሠምረው ግን ከ850 እስከ 1,050 ዲግሪ ገደማ ባለው ክልል ነው። ሙቀቱ ከዚያ ካነሰ አሞኒያው ሳይዋሐድ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከበለጠ ደግሞ አሞኒያው ራሱ ተቃጥሎ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይሆናል። መድኃኒቱ በሽታ ሆነ ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብና የአትክልት ትርፍራፊ ነው፤ በክረምት ደግሞ ይርሳል። እርጥበቱ በተለዋወጠ ቁጥር ተስማሚው ሙቀት የሚገኝበት ከፍታም በምድጃው ውስጥ ይለዋወጣል። በመሆኑም መርጫዎቹ በተለያየ ከፍታ ሊተከሉ፣ የትኛው እንደሚሠራም በየጊዜው በሚለካው ሙቀት ሊወሰን ይገባል። ካታሊስት የሚጠቀመው ሌላው ዘዴ ባነሰ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ አቧራና ሰልፈርም ያዳክሙታል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ለትልልቅ ማቃጠያዎች የተቀመጠው የዕለት አማካይ ጣሪያ በሜትር ኩብ 200 ሚሊ ግራም ነው። ቁጥሩ የሚሰላው ኦክስጅን 11 በመቶ በሆነበት ደረቅ ጋዝ ነው፤ ይህ ባይሆን ጭሱን በአየር ማቅጠን ብቻ ያሳልፍ ነበር።

እንግዲህ ደረጃን የሚያስጠብቀው የመሣሪያው መገዛት ብቻ አይደለም፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድንና አሞኒያን ጎን ለጎን፣ ያለማቋረጥ መለካት ነው። አንዱን ብቻ የሚለካ አንዱን ቀንሶ ሌላውን ሊለቅ ይችላል። የልኬቱ ውጤትም ከማቃጠያው አጠገብ ለሚኖረው ሕዝብ ይፋ ሊሆን ይገባል፤ ያንን አየር የሚተነፍሰው እርሱ ነውና።